የሉንግ ፕራዮንግ ዝምታ

ሬሳው ጫማ አድርጓል። የመጀመሪያው ቀን ይህን አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ፣ ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እየጮኸ፣ ማን የሬሳ ጫማ ያያል?

ሟቹ ቴራ ይባላል። የታይላንዷ ከተማችን ኮን ካየን ውስጥ አንድ ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ኢንጂነር ነው። በእንጨት ምሰሶ ላይ ከቆመ ቤት ስር፣ ከትልልቆቹ የውሃ ጋኖች አጠገብ በጀርባው ተዘርሯል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። የቤቱ ልጅ ላዳ ጭቃው ላይ ተቀምጣ አቅፋዋለች፤ ቀሚሷ ደም በደም ነው።

"እኔ አይደለሁም!" አለችኝ ገና አፌን ሳልከፍት። "ከገበያ ስመለስ ነው ያገኘሁት!"

ሳጅን ቾም ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ በማዕረግ ግን እበልጠዋለሁ። ስለዚህ እሱ "አለቃ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ "ፒ" እለዋለሁ፣ ታላቅ ወንድሜ እንደማለት።

"አለቃ፣ ጎረቤቶቹ የሚሉትን ልንገርህ? ከትናንት ወዲያ እዚሁ በር ላይ 'ያን ሽቦ ከአባቴ ጭንቅላት ንቀል፣ አለዚያ ያንተን ጭንቅላት እነቅለዋለሁ' ብላዋለች። ሰፈር ሙሉ ሰምቷል።"

በቃ፣ ላዳ ታሰረች። አለቆቼ ደስ አላቸው፤ ሰኞ ወደ ዐቃቤ ሕግ ትሄዳለች ተባለ። ሆስፒታሉም ፈርቶ ሰኞ ማሽኑን እንነቅላለን አለ። ያን ቀን ዓርብ ነው።

ማሽኑ ምንድነው? አባቷ ሉንግ ፕራዮንግ፣ አጎት ፕራዮንግ ነው የሚሉት ሰፈርተኛው፣ የሩቅ አገር አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰና ከዚያ ወዲህ ምንም የሚታዘዝለት አካል የለውም፤ ዓይኑን እንኳ ወደ ፈለገበት አያዞርም። ግን ይሰማል፣ ያስባል። ሆስፒታሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ከተተለት። በሆዱ የሚያወራውን፣ ማለቴ አፉን ሳያንቀሳቅስ ልናገር ብሎ የሚያስበውን ቃል፣ አልጋው አጠገብ ያለ ሳጥን ያነብና በድምፅ ማጉያ ያወጣዋል። ድምፁን የሠሩት ድሮ ሰርግ ላይ ሲዘፍን ከተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ውሃ ሲጠይቅ እንኳ ዘፈን ሊጀምር ይመስላል ይላሉ።

ያን ቀን ግን አንድ ቃል አላለም።

ጫማችንን ደረጃው ስር አውልቀን ወጣን። አስታማሚው ኦት እጆቹን ደረቱ ላይ ገጥሞ ተቀበለን። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዓይኑ ስር ጠቁሯል፣ ፈገግታው ግን ደግ ነው። እያወራን እንኳ የሽማግሌውን ከንፈር በጨርቅ ይጠርጋል፣ ትራሱን ያስተካክላል።

"የት ነበርክ?" አልኩት።

"እዚሁ፣ ኢንስፔክተር። ሉንግ ተኝቶ ነበር፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ሆኜ ስልኬን እያየሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ምን ይሰማል? ላዳ ስትጮህ ነው የወረድኩት።"

"ቴራ ወደ ላይ አልወጣም?"

"አልወጣም። ቢወጣ አየው ነበር።"

"ሉንግስ የሰማው ነገር ይኖር ይሆን?"

"ሉንግማ ከምሳ በኋላ ድብን ብሎ ነው የሚተኛው። ትንፍሽ አይልም። ማሽኑን ጠይቁት።"

ወደ አልጋው ጎንበስ አልኩ። "ሉንግ፣ ዊሩት እባላለሁ፣ ፖሊስ ነኝ። ይሰሙኛል?"

ማጉያው ዝም። ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የሽማግሌው ዓይን ጣሪያው ላይ ፈዟል።

"ደንግጦ ነው" አለ ኦት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፒ ቾም ደግሞ ሥራውን ትቶ ጠረጴዛው ላይ ያለ ሙቀጫ ያያል። "አንተ ኦት፣ ይሄ ምን ጉድ ነው? የድንጋይ ሙቀጫ በእንጨት ዘነዘና?"

"የሉንግን ክኒን የምፈጭበት ነው፣ ፒ። ምግቡም መድኃኒቱም በቱቦ ስለሆነ።"

"እናትህ ብታይህ ከቤት ታባርርሃለች! ለድንጋይ ድንጋይ፣ ለሸክላ እንጨት! እዚህ ኢሳን አገራችን ይሄን የማያውቅ ልጅ አለ?"

"የወንድ ኩሽና ነው፣ ምን ታደርገዋለህ" አለ ኦት። ሦስታችንም ሳቅን።

ስንወርድ ፒ ቾም ራሱን ነቀነቀ። "ምን ያለ ልጅ ነው! የኔ ልጆች እኔን እንዲህ ቢንከባከቡኝ ነገ ጠዋት ሽባ ሆኜ እነሳ ነበር።"

*

የቴራ ስልክ ላይ የመጨረሻው ጥሪ ለዶክተር ካንያራት ነው፤ የማሽኑ ጥናት ኃላፊ እሷ ነች። ቅዳሜ ጠዋት ቢሮዋ ሄድኩ።

"ዓርብ ከቴራ ጋር ተገናኝታችኋል?"

"አልተገናኘንም።"

"ደውሎልሽ ነበር?"

"አልደወለም።"

ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ጥሪዋ እዚያው ላይ ይታያል። ፊቷ አመድ መሰለ።

እውነቴን ነው፣ ያኔ ያዝኳት ብዬ ነበር። ጎረቤቶቹ ያን ቀን ነጭ የሆስፒታል መኪና በሩ ላይ አይተዋል። የምትነዳው እሷ ናት። የሁሉም ነገር ባለቤት እሷ ናት። ልጁ አንድ ምስጢሯን ደርሶበታል፣ እሷ ደግሞ...

"ደውሏል" አለች። "'ሉንግ ጋ ያየሁት ነገር አለ፣ በስልክ አይሆንም፣ ነይና እይው' አለኝ። ሽቦው የገባበት ቦታ አመርቅዞ መሰለኝ። ካመረቀዘ ጥናቱ ይዘጋል። ስለዚህ ያልሰማሁ መስዬ ክፍል ገባሁ። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ..."

አጣራሁ። በዚያ ሰዓት አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት ቆማ ታስተምር ነበር። ነጩን መኪና የነዳው ራሱ ቴራ ነው። የያዝኩት ሁሉ ከእጄ አመለጠ።

"ሉንግስ?" አልኳት። "ማሽኑ የያዘው ነገር የለም?"

ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። በዚያ ሰዓት መስመሩ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይደጋገማል፦ ዝምታ፣ ዝምታ፣ ዝምታ። "ተኝቶ ነበር" አለች። "ኦትም ጠይቆኝ ይሄንኑ ነግሬዋለሁ።"

*

ላዳ እስር ቤት ውስጥ ስለ ራሷ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

"ፖን፣ አባቴን፣ ማን ያገላብጠዋል? አንድ ጎን ብቻ ከተኛ ይቆስላል።"

"ኦት አለ።"

ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። "ኦት ካለ ጥሩ ነው።"

"ማሽኑን የጠላሽው ለምንድነው?"

"ስላሳፈረኝ ነው!" አለች። "ሰው በሆዱ ያለውን ሁሉ ሰው ፊት ማውጣት አለበት? አክስቴ ልትጠይቀው መጥታ 'ይቺ ሴትዮ መች ነው የምትሄደው' ብሎ ወጣበት። እሷ እየሳቀች ሄደች፣ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ይቅርታ እያለ ዋለ። እሁድ እሁድ ኦት ስለማይመጣ አጠገቡ የምውለው እኔ ነኝ፤ ያኔ ሲተኛማ እንደ እብድ ይቀባጥራል፤ 'ጎማ፣ ሎሚ፣ ወደ ኋላ' እያለ። ልጅ እያለሁ የማውቀው አባቴ እንዲህ አልነበረም። ዝምተኛ ነው። ወጣት ሆኖ ጫካ ገዳም ውስጥ መነኩሴ ነበር።"

"ሹፌርም ሆኖ ዝምተኛ?"

"አንዴ ተራራ ላይ ፍሬን ተበጠሰበት። ተሳፋሪው ሁሉ ሲጮህ እሱ ድምፁን ሳያሰማ አውቶቡሱን አፈር ክምር ላይ አስደግፎ አቆመው። 'ፖ፣ አልፈራህም?' አልኩት። 'ልሞት ነበር' አለኝ። 'በሆዴ የቡድሃን ስም፣ ፑት-ቶ፣ ፑት-ቶ ስል ነው የወረድኩት።'" ከዚያ የፍርግርጉን ብረት ያዘች። "ኢንስፔክተር፣ እኔን ሰኞ ብትወስዱኝ፣ እሱን ደግሞ አፉን ብትነቅሉበት፣ እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ማንን ይጠራል?"

ስወጣ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ኦት ሲተኛ ትንፍሽ አይልም አለኝ፣ እሷ ይቀባጥራል አለችኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን።

ከዚያ ሬሳ ክፍል ሄድኩ። ጫማው ትዝ አለኛ! ሐኪሙ አውልቆ ነበር፤ ጫማው ላይ ጭቃ እንጂ ደም የለም። ካልሲው ግን እግር መርገጫው ላይ ደም ጠጥቶ ደርቋል።

"ፒ ቾም፣ ደም የረገጠው በካልሲ ነው።"

"በካልሲ ደግሞ ግቢ ጭቃ ውስጥ ማንም አይሄድም" አለ እሱ ቀስ ብሎ።

በካልሲ የሚኬደው ቤት ውስጥ ነው። ቴራ ጫማውን ታች አውልቆ ወጥቷል፣ ላይ ተመትቷል፣ ታች ወርዶ ሲሄድ የሞተ እንዲመስል ጫማውን ያደረገለት ሌላ ሰው ነው። ኦት ደግሞ አልወጣም ብሎኛል። ግን በምን ላስረዳ? ላዳም የቤቱ ልጅ ናት፤ እሷም ላይ ሆና ልትመታው ትችላለች ይሉኛል። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ምስክር አንድ ሰው ነው፣ እሱም ተኝቶ ነበር ይላል ማሽኑ።

*

እሁድ ዶክተር ካንያራትን ከቤቷ አስጠርቼ ቤተ ሙከራዋ ወሰድኳት።

"ማሽኑ አንድን ሰው እንዴት ነው የሚማረው? አሳዪኝ።"

"ቁጭ በል።" ጤነኛ ሰው የሚለማመድበት ሽቦ የበዛበት ኮፍያ አደረገችልኝ። "ድምፅ ስትሰማ በሆድህ 'ውሃ' በል።" አልኩ። "አሁን 'ቤት'።" አልኩ። "አሁን ደግሞ ጸጥ በል። ምንም አታውራ።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጸጥ አልኩ።

"በቃ። ምን አሰብክ?"

"ምንም።"

"ጎበዝ።"

"ማለቴ፣ ፑት-ቶ ብቻ እያልኩ ነበር።"

የያዘችው ብርጭቆ አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ። "ምን አልክ?"

"ፑት-ቶ ነዋ! አየር ሲገባ ፑት፣ ሲወጣ ቶ። ጸጥ በል አልሽኝ እኮ! ትምህርት ቤት በየጠዋቱ ተሰልፈን ምን ነበር የምናደርገው? ሌላ ሰው ጸጥ በል ሲባል ምን ያደርጋል?"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እኔም እሱኑ ነው የማደርገው" አለች። "ቴራም። እዚህ ያለነው በሙሉ። ማናችንም ይሄ ወሬ ነው ብለን አናስብም... ሉንግን በየጠዋቱ 'ጸጥ በል' እያልን ነው ማሽኑን ያስተማርነው። መነኩሴ የነበረ ሰው!"

"ስለዚህ ማሽኑ 'ዝምታ' የሚለው..."

"ፑት-ቶ ሲል ነው።"

ላዳ ሲተኛ ይቀባጥራል ያለችኝን ነገርኳት።

"ይቀባጥራል? መዝገባችን ላይ እኮ የለም... አሃ! ትርጉም የሌለውን ቃል ማጉያው ቢያወጣውም፣ መዝገቡ ላይ ፕሮግራማችን ጠርጎ 'ዝምታ' ነው የሚጽፍበት። ቆይ፣ ያልተጠረገውን ላውጣ።"

ያለፈው እሁድ ከሰዓት፦ ጎማ። ሎሚ። ቀስ። ሎሚ። ወደ ኋላ። ሳቋ መጣ። ይህ እንቅልፍ ነው። ከዚያ የሥራ ቀናቱን ከፈተችና ሳቋ ጠፋ። ከምሳ በኋላ ቃል የለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የአንጎሉ ማዕበል ወፍሮ፣ ተጎትቶ፣ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል።

"ይሄ እንቅልፍ አይደለም። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። እኛ አላዘዝንም። ቴራ ሊያሳየኝ የፈለገው ይሄን ነው!"

"ዓርብስ?"

ዓርብን ከፈተች። ማዕበሉ አልሰከረም። ቅዠትም የለበትም። ከትንፋሽ ጋር እኩል የሚሄድ፣ ንጹሕ፣ የማያቋርጥ ዝምታ። ቅዳሜም እንደዚያው። ሌሊቱንም። ዛሬም።

"ነቅቶ ነበር" አለች። "ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነካውም። ለምን አይተኛም?"

"ሲተኛ ይቀባጥራላ! ማጉያው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አለ። አንዲት ቃል ካመለጠችው ዓርብ ነቅቶ ሁሉን እንደሰማ ይታወቅበታል።"

ሽማግሌው የተደበቀው የራሱ ሆድ ውስጥ ነው። ሌላ መደበቂያ የለውማ!

ዶክተሯ አፏን ያዘች። "ጠዋት ኦት ደውሎልኝ ነበር። 'ሉንግ ያሳዝናል፣ ሰኞን ምን ያስጠብቃችኋል፣ ዛሬ እኔ ራሴ ልንቀለው' አለኝ። እኔም... እሺ አልኩት።"

*

ፒ ቾም መኪናውን እንደ እብድ ነዳው። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ዶክተሯ ከኋላ የማሽኑን መስመር በታብሌቷ ትከታተላለች።

"አለ?" እላታለሁ።

"አለ። ዝምታ። ዝምታ።"

ከአውራ ጎዳናው ስንገነጠል እንደገና ጠየቅኋት። ዞር ስል ታብሌቷን ወደ እኔ አዞረችው። መስመሩ ተቋርጧል።

"ፒ፣ ንዳ!"

"በክንፍ ልብረር እንዴ?"

በሩ ጋ ደረስን። እየሮጥኩ ብወጣና ኦት ቢደነግጥ፣ በመሃላችን ያለው መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ነው። ቱቦው በእጁ ነው። ስለዚህ ፒ ቾምን አየሁት፣ እሱም ገባው። መሪውን ጠምዝዞ የኋላ ጎማውን ቦይ ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ ወርዶ ጮኸ፦

"ኦት! አንተ ኦት! እባክህ ና ግፋልን፣ ይሄ ደንቆሮ አለቃዬ ነው አዙር ያለኝ!"

መስኮቱ ተከፈተ። ኦት በእጁ የተጠቀለለ ሽቦ ይዟል። አየን፣ አየን... ከዚያ ፈገግ አለና ወረደ።

እኔና ዶክተሯ ጫማችንን እንኳ ሳናወልቅ ወጣን። እሷ ሽቦውን መልሳ ሰካች። አረንጓዴው መብራት በራ። ማጉያው ዝም።

ጆሮው ስር ጎንበስ አልኩ። "ሉንግ፣ ኦት ታች ነው። ሳጅን ቾም አጠገቡ አለ። ወደዚህ አይመለስም። ነቅተው እንደነበር አውቀናል። ፑት-ቶውን አሁን ይተዉት።"

ምንም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከታች ፒ ቾም "በል ግፋ! ምሳ አልበላህም እንዴ?" ይላል። ዶክተሯ ዓይኗን ሳጥኑ ላይ ተክላለች።

ከዚያ ያ የሰርግ ድምፅ መጣ።

"በሩን ዝጉ።"

ዘጋሁት።

"ላዳ የት ናት?"

"ታስራለች፣ ሉንግ። እርስዎ ካልተናገሩ ነገ ትወሰዳለች።"

ቃሉ እየተቆራረጠ፣ እየቆመ ወጣ። "ቴራ... መጣ። ሙቀጫው ውስጥ መድኃኒቱን አየ። 'ኦት፣ ምንድነው የምትሰጠው' አለ። ተጣሉ። በዘነዘናው መታው። አንዴ። ጎተተው። ዘነዘናውን በመስኮት... ጋን ውስጥ ጣለው። ውሃው ጮኸ። ተመልሶ መጣና ወለሉን ጠረገ፤ ከዚያ ፊቴ ላይ ጎንበስ አለ። 'ሉንግ፣ ተኝተሃል?' አለኝ።" ትንሽ ቆመ። "በየሰዓቱ ይጠይቀኛል።"

መስኮቱን ከፍቼ ጮኽኩ። "ፒ ቾም! መስኮቱ ስር ያለውን ጋን!"

ፒ ቾም እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ብብቱ ጋኑ ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው የድንጋይ ዘነዘና ይዟል። ዘነዘናውን አየ፣ ኦትን አየ። ይቀልዳል ብዬ ነበር፤ አልቀለደም።

ኦት አልሮጠም። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። "ሌሊት ሌላ ቤት ሌላ በሽተኛ አስታምማለሁ" አለ ለማንም ሳይሆን። "ከምሳ በኋላ ትንሽ ካልተኛሁ ቆሜ አልውልም። እሱ ካልተኛ ደግሞ እኔ አልተኛም። ትንሽ እንድንተኛ ብቻ ነበር የፈለግኩት።"

*

ላዳን ያንኑ ማታ አመጣናት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጥታ አልጋው ጎን ተንበረከከች።

"ፖ!"

"ከስተሻል" አለ ማጉያው። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው፣ እንዴት እንዳያት እሱ ይወቅ።

"አንተ ደግሞ ዋሾ ነህ፣ አላየኸኝም!" አለች እያለቀሰች እየሳቀች።

ዶክተር ካንያራት አንገቷን ደፍታ ቆማለች። "ሉንግ፣ ነገ ሊነቅሉት ይመጣሉ። ምን ልበላቸው? እርስዎ ነዎት የሚወስኑት።"

ላዳም ቀና አለች። መጀመሪያ ንቀሉት ያለችው እሷ ናት፤ አሁን ግን እሷም መልሱን ትጠብቃለች።

"አይነቀል" አለ። "ግን መዝጊያ ሥሩለት። እኔ ስፈልግ የምዘጋው።"

"እሠራለሁ። ቃል እገባለሁ።"

ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ላዳ እጁን እያሻሸች፣ ፒ ቾም ግድግዳውን ተደግፎ፣ እኔ ያቺን አረንጓዴ መብራት እያየሁ። እንደገና ፈራሁ። አሁንም ፑት-ቶ እያለ ይሆን? አሁንም አላመነንም ይሆን?

ማጉያው ጨር አለ።

"ጎማ" አለ። "ሎሚ... ሎሚ። ቀስ።"

"ምን አለ?" ብሎ ፒ ቾም ተነሳ። "ምን ይፈልጋል? ሎሚ ላምጣለት?"

ላዳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ዝም በል፣ ፒ" አለች በሹክሹክታ። "ተኝቷል።"